ስለ ፈረስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከዝርያው እስከ ጋሪው

ፈረስ ያላችሁ፣ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ወይም በየቀኑ ጋሪ ሲጎትት እያያችሁት ሆዳችሁ የሚባባ ሰዎች ደጋግማችሁ የምታነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ባዝራ፣ ድንጉላ፣ ሰንጋ ሲባል ልዩነቱ ምንድን ነው?

ባዝራ ሴቷ ናት። ድንጉላ ያልተኮላሸ ወንድ ነው፤ ሲኮላሽ ሰንጋ ይባላል። ልጃቸው ውርንጭላ ነው። ባዝራ 11 ወር ገደማ ታረግዛለች፣ አብዛኛውን ጊዜም የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው ሰንጋ ነው። ድንጉላ ባዝራ ከሸተተው ጋሪውንም ሰውዬውንም ይረሳል።

ቀለሙን በተመለከተ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ እያልን እንጠራዋለን፤ ገበያ ላይም ቀለም አይቶ ዋጋ የሚጨምር ብዙ ነው። ቀለም ግን ስለ ጉልበቱ የሚነግራችሁ ነገር የለም። እግሩን፣ ሰኮናውን፣ ጥርሱንና ጀርባውን እዩ።

በዓለም ላይ ስንት ዓይነት ፈረስ አለ?

ዝርያው በመቶዎች ይቆጠራል። በጥቅሉ ግን በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ቀልጣፋና ቁጡ የሆነው ነው፤ የዐረብ ፈረስና ለእሽቅድምድም የሚረባው ቶሮብሬድ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው እንደ ሻየር፣ ክላይድስዴልና ፐርሸሮን ያለው ግዙፍና ረጋ ያለ የጉልበት ፈረስ ነው። ሦስተኛው ሁለቱን በማዳቀል የተገኘው መካከለኛው ሲሆን ዛሬ በስፖርት ውድድር ላይ የሚታየው በአብዛኛው እሱ ነው። ፖኒ ደግሞ ለብቻው ይቆጠራል።

ኢትዮጵያ የራሷ የፈረስ ዝርያ አላት?

አላት፣ ያውም ብዙ። የሀገራችን ፈረስ ቁጥር 2 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ በአፍሪካ ይህን ያህል ፈረስ ያለው አገር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ስምንት ዓይነት ለይቷል፤ እነሱም አቢሲኒያን፣ ሰላሌ፣ ባሌ፣ ቦረና፣ ሆሮ፣ ከፋ፣ ኦጋዴን (ዊልዋልም ይባላል) እና ቁንዱዶ ናቸው። የሰላሌ ፈረስ በቁመናውና በግልቢያው ስሙ የገነነ ነው። የባሌው ብርድና ዳገት የለመደ ነው፤ ተራራውን በፈረስ የጎበኘ ሰው ያውቀዋል። የቁንዱዶው ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ቁንዱዶ ተራራ አናት ላይ ያለ ባለቤት የሚኖር የዱር ፈረስ ነው፤ ቁጥሩ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሊጠፋ ይችላል የሚል ስጋት አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ የፈረስ ሕዝብ ነን። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። አዊ ውስጥ እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል፤ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። በበዓል ቀን እንዲህ የምናከብረውን እንስሳ በሥራ ቀን የምንይዝበት መንገድ ግን ያሳዝነኛል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው መልስ ስለዚያ ነው።

የኛ ፈረስ አጭር ስለሆነ ፖኒ ነው ማለት ነው?

በውጭው ልኬት ከሄድን አዎ፣ አብዛኛው ፖኒ ነው። ጫንቃው ላይ ሲለካ ከ148 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች የሆነ ፖኒ ይባላል፤ የኛዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ 140 እንኳ አይሞሉም። ይህ ስድብ አይደለም። ትንሽነቱ ከደጋው፣ ከመኖው እጥረትና ከዳገቱ ጋር ተስማምቶ የኖረ መሆኑን ነው የሚያሳየው።

መዘዙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፊልም ላይ የምናየው ፈረስ 500 ኪሎ ይመዝናል፤ የኛ የጋሪ ፈረስ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 250 ቢሆን ነው። ስለዚህ «ፈረስ እኮ ይችላል» ከማለታችን በፊት የትኛው ፈረስ እንደሆነ እንይ።

በቅሎስ ፈረስ ናት?

ግማሽ። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል፤ እውነቷን ነው፣ አባቷ አህያ፣ እናቷ ባዝራ ናት። አትወልድም ማለት ይቻላል፤ ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም ስላላቸው እሷ 63 ይደርሳታል፣ ያ ደግሞ ለሁለት እኩል አይከፈልም። ከፈረስ ይልቅ ትጠነክራለች፣ ገደል ላይ እርምጃዋን ትጠነቀቃለች፣ ለአንዳንድ በሽታም ትቋቋማለች። እንክብካቤው ግን ያው ነው።

ዕድሜውን እንዴት ላውቅ? ሥራስ መቼ ይጀምር?

የፊት ጥርሱን እዩ። የወተት ጥርሱን መሐል ላይ ያሉት 2 ዓመት ተኩል አካባቢ፣ ቀጥለው ያሉት 3 ዓመት ተኩል ላይ፣ የዳር ያሉት 4 ዓመት ተኩል ላይ ይለውጣል። አምስት ዓመት ሲሆነው አፉ ሞላ ይባላል። ከዚያ በኋላ በጥርሱ መበላትና ወደ ፊት መዝመም ይገመታል፤ ከ10 ዓመት በላይ ሲሆን ግምቱ ይሳሳታል፣ ሻጩ እርግጠኛ ሆኖ ቢምልላችሁም።

ቀላል ልምምድ ከ3 ዓመት ጀምሮ ይቻላል። ከባድ ጋሪና ጭነት ግን 4 ዓመት ሳይሞላው ባይሆን፣ 5 ቢደርስ ደግሞ ይመረጣል። የጀርባው አጥንት አድጎ የሚያበቃው ዘግይቶ ነው። በ2 ዓመቱ ጋሪ ላይ የተጠመደ ፈረስ በ8 ዓመቱ ሽማግሌ ይሆናል። በደንብ የተያዘ ፈረስ ግን 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል።

ምን ላብላው? ምን ያህልስ?

የፈረስ ሆድ የተሠራው ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ለመጋጥ ነው። ጨጓራው ትንሽ ነው። ማስታወክ አይችልም። ስለዚህ ጠዋትና ማታ አንድ ትልቅ ገንዳ ከመሙላት አራት ጊዜ አከፋፍሎ መስጠት ይሻላል። ዋናው ምግቡ ሣር፣ ድርቆሽ ወይም ጥሩ ገለባ ይሁን፤ ገብስ፣ ባቄላና ፋጉሎ እንደ ሥራው ክብደት ይጨመራሉ። በቀን የሚበላው ደረቅ መኖ ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ነው። ክብደቱን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። ከፊት እግሮቹ ኋላ ያለውን የደረት ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለኩ፣ ቁጥሩን በራሱ አባዙት፣ ከደረቱ ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ ባለው ርዝመት አባዙት፣ ከዚያ ለ11,880 አካፍሉት። ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ 214 ኪሎ ይመጣል፤ እንግዲህ 4 ኪሎ ከምናምን መኖ ይፈልጋል ማለት ነው።

ፉርሽካ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ርካሽ ስለሆነ ብዙ ባለጋሪ እሱን ብቻ ያበላል፤ ፉርሽካ ውስጥ ግን ፎስፈረሱ በዝቶ ካልሲየሙ ያንሳል፣ ለብዙ ጊዜ ብቻውን ሲሆን አጥንቱን ያሳሳዋል። ከሣር ጋር ቀላቅሉት። የሻገተ መኖ አትስጡ፣ ለከብት ይሆናል የምትሉትንም ቢሆን። አሞሌ ጨው አጠገቡ ይኑር።

ከሁሉም በላይ ግን ውሃ ነው። በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ሊጠጣ ይችላል፣ ሲሞቅና ሲሠራ ደግሞ ይጨምራል። ከተማ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ አንዴ ብቻ የሚጠጣ የጋሪ ፈረስ ሞልቷል። «ሲሠራ ውሃ ከጠጣ ያመዋል» የሚለውን እርሱት። ላብ ላይ ያለውን ፈረስ ትንሽ እያስራመዳችሁ በየመሐሉ ጥቂት ጥቂት አጠጡት፣ ምንም አይሆንም። የሚጎዳው መጠማቱ ነው።

ጤነኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጠዋት ሳታጠምዱት 5 ደቂቃ እዩት። ትናንት የሰጣችሁትን በልቷል? ፋንድያው እንደ ወትሮው ነው? አራቱንም እግሩን እኩል ይረግጣል? አንዱን የኋላ እግር ማሳረፍ ልማዱ ነው፤ የፊት እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ከቆመ ግን እያመመው ነው። ጆሮው ይንቀሳቀሳል? ዓይኑ ንቁ ነው?

አርፎ ሳለ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5፣ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16 ነው። ምቱን ከመንጋጋው ሥር ጣት በማስቀመጥ ትቆጥራላችሁ። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ ጎድሎታል። ጎድን አጥንቱ በእጅ ሲነካ የሚገኝ፣ ከሩቅ ግን የማይቆጠር መሆን አለበት። ከመንገድ ማዶ ሆናችሁ ከቆጠራችሁት ከስቷል።

ሆዱን ሲያመው ምን ላድርግ?

ጎኑን ዞር ብሎ ያያል፣ መሬቱን በእግሩ ይቆፍራል፣ ይተኛል ይነሳል፣ ይንከባለላል፣ ያልበዋል። ይህ የሆድ ቁርጠት ነው፤ ለፈረስ ቀልድ አይደለም፣ በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። መኖ አንሱበት። በዝግታ አስራምዱት፣ ግን እስኪደክም አታንገላቱት። የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ጥሩ። በአፉ ዘይት ወይም አረቄ አታፍስሱበት፤ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከተማ ላይ አንዱ ትልቁ ምክንያት ፌስታል ነው። ማታ ተፈቶ ቆሻሻ ገንዳ ላይ የሚያድር ፈረስ ፌስታልና የናይለን ገመድ ይውጣል፣ አንጀቱ ውስጥ ይቋጠራል። ሌሎቹ ምክንያቶች ጥማት፣ ድንገት የተለወጠ መኖ፣ የጥርስ ችግርና የሆድ ትላትል ናቸው። የትል መድኃኒት መቼና የትኛውን እንደሚሰጥ ሐኪም ይወስን።

የትኞቹ በሽታዎች ናቸው የሚያስፈሩት? ክትባትስ አለ?

አንደኛው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው። የምታስተላልፈው በጣም ትንሽ ተናካሽ ዝንብ ናት፣ ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች፤ በሽታው የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ከዓይኑ በላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ትሞላለች፣ ታብጣለች። ይተነፍሳል ግን አየር አይበቃውም። በመጨረሻ በአፍንጫው ነጭ አረፋ ይወጣል። የሚያድን መድኃኒት የለም። ክትባት ግን አለ፤ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ክረምት ከመግባቱ በፊት የወረዳችሁን እንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ፣ በወቅቱ ደግሞ ፈረሱን ማታ ቤት አስገቡት።

ሁለተኛው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የሚባለው የጋሪ ፈረስ ጠላት ነው። በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን እግሩ፣ አንገቱና ደረቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ እብጠት ይወጣና እየፈነዳ መግል ያፈሳል። በቁስልና በዝንብ፣ እንዲሁም አንዱ ፈረስ የለበሰውን ማሰሪያ ለሌላው በማልበስ ይተላለፋል። ሞቅ ባሉት እንደ ሞጆና ቢሾፍቱ ባሉ ከተሞች ብዙ ጊዜ ይታያል። ገና አንድ ሁለት እብጠት ሳለ ከታከመ ተስፋ አለው፣ ሰውነቱን ካዳረሰ በኋላ ግን ሕክምናው ረጅምና ውድ ነው። የታመመውን ለዩት፤ ማሰሪያውን ለሌላ አታውሱ።

መንጋጋ ቆልፍም አለ፤ በሚስማርና በቁስል ይገባል፣ ክትባት አለው። አርሲና ባሌ ላይ ደግሞ ዶሪን የሚባል በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ ስላለ ያላወቃችሁትን ድንጉላ ለባዝራችሁ አታቅርቡ። ፈረስም በእብድ ውሻ በሽታ ይያዛል። ድንገት ባሕርዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩን ካዝረከረከና መዋጥ ካቃተው እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ።

ጀርባውና ደረቱ ቆስሏል። ምን ልቀባው?

መጀመሪያ ያቆሰለውን ነገር አግኙ። ቁስሉን እያከማችሁ በዚያው ማሰሪያ ካጠመዳችሁት ድካማችሁ ከንቱ ነው። የናይለን ገመድ ቆዳውን ይቆርጣል። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ማሰሪያ ጠርዙ ይፈገፍጋል፣ አንዳንዴም ውስጡ የቀረው ሽቦ ይወጋል። ቆዳ ወይም ሰፋ ያለ የጥጥ ጨርቅ ይሻላል። ከሥሩ ንጹሕና ለስላሳ ድሪቶ አድርጉ። ድሪቶውን በየሁለት ሦስት ቀኑ እጠቡት፤ ላብና አቧራ ሲደርቅበት እንደ አሸዋ ወረቀት ነው የሚሆነው።

ቁስሉን አንድ ሊትር ፈልቶ በበረደ ውሃ ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ እጠቡት። የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ ድንጋይ ዱቄት፣ እበት አትቀቡ፤ ዝንብ ያባርሩ ይሆናል፣ ሥጋውን ግን ያቃጥሉታል። ከዚያ ያርፍ። ቀን እንደሚያሳጣ አውቃለሁ፣ የልጆች እንጀራ መሆኑንም አውቃለሁ፤ ግን አንድ ሳምንት ያረፈ ፈረስ ወር ሙሉ ይሠራል፣ ያላረፈው ደግሞ ወሩን ሳይጨርስ ይወድቃል።

ሰኮናው ጫማ ያስፈልገዋል?

የግድ አይደለም። አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ የሚውል ፈረስ ሰኮናው ከሚያድገው በላይ ስለሚያልቅ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ገጠር ሣር ላይ የሚውለው አያስፈልገውም። ሰኮና በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ መከርከምና መስተካከል አለበት። በየማታው ግን ከሥሩ የተሰነቀረ ጠጠርና ሚስማር አውጡ። ማን ይሥራው ካላችሁ ያወቀ ሰው ብቻ። አንድ ሚስማር ወደ ውስጥ ከገባ ለሳምንታት ያነክሳል።

ጋሪ ስንት ሰው ይጫን? በጀርባውስ?

በጀርባ ሲሆን ባለሙያዎች ከክብደቱ 20 በመቶ ገደማ ይላሉ። ከላይ ያለው 214 ኪሎ ፈረስ እንግዲህ 43 ኪሎ ነው። አንድ ጎልማሳ ከነኮርቻው ከዚያ በላይ እንደሚመዝን ግልጽ ነው፤ ስለዚህ መንገዱን አሳጥሩ፣ ዳገት ላይ ውረዱለት፣ ወገባችሁን ቀጥ አድርጉ።

ጋሪ ላይ ሸክሙ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ የበለጠ ይጎትታል። እዚህ ዋናው ሚዛኑ ነው። ወደ ፊት የበዛ ጭነት ጫንቃውን ይጫነዋል፣ ወደ ኋላ የበዛው ደግሞ የሆድ ማሰሪያውን ወደ ላይ ይስበዋል። ጎማው ይነፋ፣ ኩሽኔታው ግሪስ ይቀባ፤ ይህ ብቻ ድካሙን በብዙ ይቀንሳል። ሁለት ተሳፋሪ ተብሎ የተሠራ ጋሪ ላይ አምስት ሰው ከነ ዕቃው ሲወጣ ባለጋሪው ብቻ አይደለም ጥፋተኛው። ተሳፋሪውም «ሞልቷል፣ ሌላ እይዛለሁ» ማለት ይችላል።

መተኮስ ያድነዋል ወይ?

አያድነውም። አንካሳ እግር፣ ያበጠ ቦታ፣ የታመመ ሳንባ ሁሉ በጋለ ብረት ሲተኮስ ይታያል። ተተኩሶ የዳነ ፈረስ አይተን ይሆናል፤ ያዳነው ግን ቁስሉ እስኪሽር ሳይሠራ ማረፉ ነው። እሱን ያለ እሳት መስጠት ይቻላል። ቃጠሎው አዲስ ሕመምና ለዝንብ የተከፈተ ቁስል ነው የሚጨምርለት። አባቶቻችን ያደረጉት ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ቢያንስ የወረዳ ጤና ኬላ አለ።

እንቢ ሲል፣ ሲራገጥ ካልገረፍኩት እንዴት ይታዘዛል?

መጀመሪያ ለምን እንቢ እንዳለ እዩ። ዳገት ላይ የሚቆም ፈረስ ብዙ ጊዜ ጭነት በዝቶበት ነው። ኮርቻ ሲያይ የሚነክሰው ጀርባው አሞት ነው። አንገቱን የሚወነጭፈው ልጓሙ አፉን ቆርጦት ሊሆን ይችላል፤ በገጠር ብረታ ብረት የተሠራ ሻካራ ልጓም ምላስና ከንፈር ይቀዳል። ጅራፍ እነዚህን አይፈታም።

ሌላው ፍርሃት ነው። ፈረስ ዙሪያውን ማለት ይቻላል ያያል፣ ግንባሩ ሥርና ቀጥታ ከጭራው ኋላ ያለውን ግን አያይም። ከኋላ ድምፅ ሳታሰሙ ከመጣችሁ ቢራገጥ አይፈረድበትም። በጎን ቅረቡ፣ ተናገሩ፣ ትከሻውን ንኩት። እንዲያው ሕግም እንዳለ እወቁ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንስሳን ማሰቃየት ያስቀጣል።

አርጅቷል፣ ወይም ባጃጅ ሥራውን ወሰደበት። ልልቀቀው?

ይህ ነው ከባዱ ጥያቄ፣ ብዙ ሰውም በሹክሹክታ ነው የሚጠይቀው። ባጃጅ ጋሪን ከብዙ ከተማ እያስወጣ ነው፤ ፈረሱ መኖ ይበላል፣ ገቢ የለውም፤ ሌሊት ይፈታና አውራ ጎዳና ዳር ይተዋል። ባለቤቱ «ነፃ አወጣሁት» ይላል። ያ ነፃነት አይደለም። መኪና ይገጨዋል፣ ፌስታል ይበላል፣ እግሩ ተሰብሮ ለቀናት ቆሞ ይሰቃያል፣ ሌሊት ጅብ በቁሙ ይበላዋል። ሌሊት ሲነዳ የሚመጣ ሰውም በእሱ ሰበብ ይሞታል።

ያላችሁ ምርጫ ብዙ ባይሆንም አለ። ገና ጉልበት ካለው ለቀላል እርሻ ሥራ ገጠር ላለ ዘመድ ይሰጥ ወይም ይሸጥ፣ ግን ሰውየውን አውቃችሁት። ማዳን የማይቻል ሕመም ላይ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ያለ ስቃይ እንዲያሳርፈው መጠየቅ ኃጢአት አይመስለኝም። እንዲያውም ላገለገላችሁ እንስሳ ያለባችሁ የመጨረሻ ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ዓመታት ያበላችሁን ፈረስ ለጅብ መተው ነው የሚከብደኝ።

መንገድ ላይ የተጣለ ፈረስ ባገኝ እኔ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ለመኪና አደጋ የሚዳርግ ቦታ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ለትራፊክ ፖሊስ ንገሩ። ቆሞ ከሆነ በጎን ቀርባችሁ ወደ ዳር ምሩት። ከወደቀ አትጎትቱት፤ ጥላ ሥሩለት፣ በባልዲ ውሃ አቅርቡለት፣ ከኋላ እግሩ ራቁ። ከዚያ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም በአቅራቢያ ላለ የእንስሳት ክሊኒክ ደውሉ። ብሩክ፣ ስፓናና ዶንኪ ሳንክችዋሪ የተባሉት ድርጅቶች ለጋማ ከብት ደኅንነት በኢትዮጵያ ለዓመታት ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ስትደውሉ ቦታውን፣ ቁስሉ የት እንደሆነና መቆም መቻል አለመቻሉን ለይታችሁ ተናገሩ፤ ሐኪሙ ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚወስነው በዚያ ነው።